ግምትን ቆጠራ የማስመሰያ መንገድ

ከሁሉ በፊት «ይገመታል» የምትለውን ግስ ከሪፖርቱ ያውጧት። «በኮልፌ ቀራኒዮ ይህን ያህል ሕዝብ ይኖራል ተብሎ ይገመታል» ብለው ከጻፉ አንዱ ተነስቶ «ማን ገመተው? ከምን ተነስቶ?» ማለቱ አይቀርም። «የክፍለ ከተማው ሕዝብ ይህን ያህል ነው» ካሉ ግን የሚጠይቅዎት የለም። ቁጥሩን አልነኩትም፤ ግሷን ብቻ ነው የለወጡት። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርትዎን የሚገለብጠው ባለሙያ «ነው» ብሎ ይቀበልዎታል፣ ጋዜጠኛው ከእሱ ይወስዳል፣ እርስዎም በሦስተኛው ዓመት ጋዜጣውን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተሰላ ግምት እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ቀጥሎ የመነሻውን ዓመት ይደብቁ። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሶማሌና አፋር ክልሎች በ2000 መጀመሪያ ላይ ተከትለዋል። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 2.74 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረ፤ ኮልፌ ቀራኒዮ ወደ 429 ሺህ ነዋሪ ይዞ በሕዝብ ብዛት ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች አንደኛ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፣ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኮልፌ ነዋሪ ቁጥር የሚነገረው ሁሉ ከ1999 ተነስቶ ወደፊት የተገፋ ስሌት ነው። ይህን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አይጻፉ። አንባቢ 1999ን ካየ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም መድረሱን ያስባል፣ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ቁጥርዎን አያምንም።

አሁን አንድ የዕድገት መጠን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይግፉበት። ከ1987ቱ ቆጠራ እስከ 1999ኙ ድረስ አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 2.1 በመቶ አድጋለች። ያንኑ ለኮልፌ ከሰጡት በ2017 ዓ.ም. ወደ 620 ሺህ ነዋሪ ያገኛሉ። መጠኑን 4 በመቶ ካደረጉት 870 ሺህ ገደማ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 250 ሺህ ሕዝብ ውኃ ይጠጣል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ጤና ጣቢያ ይሰለፋል፤ እርስዎ ግን አንዱን መጠን መርጠው ስለ ሌላው ዝም ይላሉ። የትኛው ለእውነት ይቀርባል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የከተማዋን ዕድገት ምንጭ ማየት ነበረበት። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነው፤ ይህ ወላጆችን እንኳ ለመተካት አይበቃም። ከተማዋን ያሳደጋት በዋናነት የሚመጣው ሰው ነው፤ የሚመጣ ሰው ደግሞ በቋሚ መቶኛ አይመጣም። ከመሃል ከተማ የልማት ተነሺ ሲበዛ፣ ኮንዶሚኒየም ሲተላለፍ፣ ጨረቃ ቤት ሲበቅልና ሲፈርስ ቁጥሩ በአንድ ዓመት ይዘላል ወይም ይወርዳል። የኮልፌዎቹ አየር ጤናና ወይራ ሰፈር ከመሃል ከተማው ፒያሳ ጋር በአንድ መቶኛ የሚያድጉበት ምክንያት የለም።

ደላላው ቤቴል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ የተሸጠበትን ዋጋ ይዞ ለመላው ኮልፌ ዋጋ ሲቆርጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን ቢያንስ በጀት አይመድብም።

ለአንድ ዓመት ሁለት ግምት ካገኙ የሚያዋጣዎትን ይያዙ። ለ2014 የአገሪቱ ስታትስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ወደ 105 ሚሊዮን ሕዝብ ሲል የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን ይበልጣል። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲያሰሉ በትንሹ ያካፍሉ፣ ዕርዳታ ሲጠይቁ ትልቁን ይጻፉ። ሁለቱ በአንድ ሰነድ ውስጥ እንዳይገናኙ ብቻ ይጠንቀቁ።

«ቆጠራ እስኪካሄድ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ያለ ግምት ትምህርት ቤት አይታቀድም፣ የውኃ መስመር አይዘረጋም፤ ከታወቀው ተነስቶ ያልታወቀውን ማስላት የተከበረ ሙያ ነው። የያኔው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ እስከ 2029 የሚዘልቅ ትንበያ ሲያወጣ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ብሎ ለያይቶ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞትና ስለ ፍልሰት ምን እንዳሰበ ገልጾ ነው። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ሁሉ አንዷን ቁጥር ነቅሎ፣ ሐሳቡን አራግፎ ወደ ሪፖርት ከሚያሻግረው ሰው ነው። «ሕዝቡ በግምት ጋጋታ ይሰለቻል» የሚለውም ሰበብ ነው። «ከ620 ሺህ እስከ 870 ሺህ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? የሰለቸው አንባቢው አይደለም። ሁለቱንም ጫፎች ከጻፈ «ታዲያ ስንት ክፍል እንሥራ?» ተብሎ መመለስ የሚኖርበት ጸሐፊው ነው የሰለቸው! ኃላፊነት ያለበት ሰው እንዲህ አይሠራም።

ወደ ምክራችን እንመለስ። ቆጠራው አንድ ቀን ቢመጣና ከግምትዎ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ፣ ግምትዎን ይዘው ቆጣሪውን ይክሰሱ። በ1999 አዲስ አበባ ወደ 3 ሚሊዮን ትሆናለች ተብሎ ተተንብዮ ነበር፤ አነሰች። የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ሲገኝ ነገሩ በምክር ቤት ሳይቀር አከራከረ። ቆጠራ ሊሳሳት ይችላል፤ ቤት ሊዘለል፣ ሰው ሊቀነስ ይችላል፣ ጥርጣሬውም ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ግን ስህተቱ የሚታወቀው የተቆጠረውን ቀበሌ በናሙና እንደገና በመቁጠር ነው። ትንበያውም በበኩሉ 12 ዓመት የቆየ መነሻ ነበረው፤ እሱም መመርመር ነበረበት። እርስዎ ሁለቱንም አይመርምሩ። ለመጪው ዓመት ዕቅድ የኮልፌን ቁጥር ሲጠየቁ የዘንድሮውን ሪፖርት ይክፈቱ፣ 2.1 በመቶ ይጨምሩ፣ «ነው» ብለው ይፈርሙ።