ሞኝና ወረቀት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መርካቶ ውስጥ ይህ አባባል የሚወረወረው ዋጋ ሲወድቅ ዕቃውን አቅፎ በሚቀር፣ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ንግድ ሲዞር በአባቱ መደብ ላይ በሚሰነብት ነጋዴ ላይ ነው። ብልህ የሚባለው የጠዋቱን ዕቃ የማያሳድር ነው። ዱባይ ተራም ሆነ ሸራ ተራ የአሥር ዓመት እቅድ ይዞ የመጣ ሰው ሻይ ይጋበዝ ይሆናል እንጂ ዱቤ አያገኝም። እኔ ዛሬ የማወድሰው ያንን ሞኝ ነው። ማሳያዬ የተሠራው ከመርካቶ ርቆ ነው፤ መርካቶ ግን ከማንም በላይ ሊመዝነው ይችላል። እሱም ኢቴሪየም የሚባለው የብሎክቼይን መረብ የረጅም ጊዜ የማሻሻያ እቅድ ነው።

ኢቴሪየም ሥራ የጀመረው ሐምሌ 23 ቀን 2007 ዓ.ም ነው። ነገሩ ሲፈታ የሒሳብ መዝገብ ነው። መዝገቡን ግን አንድ ጸሐፊ አልያዘውም፤ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ቅጂውን ይዘው እርስ በርስ ይመሳከራሉ። እቁብ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም። እቁቡ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ ያም ሆኖ ማን እንደከፈለና እጣው ለማን እንደወጣ አባላቱ ሁሉ ስለሚያውቁ ጸሐፊው ብቻውን ደብተሩን ሊያጣምም አይችልም። መርካቶ በዚህ ዓይነት መተማመን ስንት ሱቅ እንደከፈተ ለመርካቶ ሰው አይነገርም።

የሞኝነቱ መጀመሪያ አለቃ አለመኖሩ ነው። ሐሳቡን በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ የጻፈው ቪታሊክ ቡተሪን ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ዛሬ እሱም ሆነ የኢቴሪየም ፋውንዴሽን «ከነገ ጀምሮ እንዲህ ይሁን» ብለው ማዘዝ አይችሉም። የማሻሻያ ሐሳብ ተራ ቁጥር ይሰጠውና በአደባባይ ይቀመጣል፤ ገንቢዎቹ ማንም ሊያዳምጠው በሚችል ስብሰባ ይከራከሩበታል፤ ተስማምተው ከጨረሱም በኋላ አዲሱን ሶፍትዌር መጫን የየኮምፒውተሩ ባለቤት ፈቃድ ነው። ብልህ አስተዳዳሪ እንዲህ አይደክምም። በሩን ዘግቶ ይወስናል፣ ጠዋት ማስታወቂያ ይለጥፋል። መርካቶ የዚህን ውጤት ቀምሷል። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ የከተማው አስተዳደር ወሬው ሐሰት ነው ቢልም ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ነጋዴን የሚያስበረግገው የሕጉ መጥበቅ ብቻ አይደለም፤ ሲረቀቅ ያላየው ሕግ በሩ ላይ መድረሱ ጭምር ነው።

አለቃ አልባነት ዋጋም ያስከፍላል። በሰኔ 2008 በመረቡ ላይ ከተሠራ አንድ የጋራ የገንዘብ ቋት በኮዱ ስህተት ምክንያት የመረቡ ገንዘብ የሆነው ኢተር 3.6 ሚሊዮን ያህል ተወሰደ። አብዛኛው ሰው ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ መዝገቡን ለማስተካከል ተስማማ። የተጻፈ አይፋቅም ያሉት አሻፈረኝ ብለው የድሮውን መዝገብ ይዘው ቀሩ፤ ኢቴሪየም ክላሲክ በሚል ስም እስካሁን አለ። የተገደደ ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልፈልግም፤ ሁለቱም ወገን የያዘውን ያልለቀቀው በእምነት ነውና።

ከሁሉም የምወደው ሞኝነታቸው በራሳቸው ላይ ያጠመዱት ቦምብ ነው። ኢቴሪየም ሲጀምር እንደ ቢትኮይን በማይኒንግ ይሠራ ነበር፤ መዝገቡን የመጻፍ ተራ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ እየበላ አንድን የቁጥር እንቆቅልሽ ቀድሞ ለፈታ ማሽን ነው። መሥራቾቹ ይህ መንገድ ጊዜያዊ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተናግረዋል። ሰው የለመደውን ጥቅም በቃል ብቻ እንደማይተው ግን ያውቃሉ። ስለዚህ በጳጉሜን 2007 ኮዱ ውስጥ ሰዓት ቀበሩ፤ ጊዜው እየገፋ ሲሄድ እንቆቅልሹ እየከበደ፣ መዝገቡ እየተንቀራፈፈ፣ በመጨረሻም መረቡ ጨርሶ እንዲቆም የሚያደርግ ሰዓት። ገበያው እየሞቀ ሳለ የራሱ ሱቅ የሚፈርስበትን ቀን በገዛ እጁ የሚቆርጥ ነጋዴ ማን አይቷል?

ሰዓቱ ደረሰ፣ እነሱ አልደረሱም። በ2010 ገፉት፣ በ2011 ገፉት፣ በ2012ም፣ በ2013 መጨረሻም፣ በ2014 ደግሞ ሁለት ጊዜ። በድምሩ ስድስት ጊዜ ሆነ፤ የሳቀባቸውም ብዙ ነው። እኔ ግን ክብራቸው እዚህ ላይ ይታየኛል። በሌላ ሥራ መዘግየት ቀላል ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ስንት የተጀመረ ሕንፃ ማንም ሳይጠየቅበት በአጥር ቆርቆሮ ተከልሎ ይኖራል! እነዚህ ሰዎች ግን ዝም ብሎ መዘግየትን ለራሳቸው ከለከሉ። ዘገየን ለማለት በአደባባይ መቅረብ፣ ምክንያቱን መጻፍና በየአገሩ ያለው የኮምፒውተር ባለቤት ሁሉ ሶፍትዌሩን እንዲቀይር መለመን ነበረባቸው። ስድስት ጊዜ ለመኑ።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር መጣ። ማይኒንግን እንዲተካ የታሰበው አዲሱ መንገድ በዋስትና ይሠራል። መዝገቡን የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ 32 ኢተር ያስይዛል፤ አንዴ ያረጋገጠውን ካደ ከመያዣው ይቆረጣል፣ ከጥበቃውም ይባረራል። ጅማሬው ቢያንስ 524,288 ኢተር ቀድሞ እንዲያዝ ይጠይቅ ነበር። ተያዘ፤ ኅዳር 22 ቀን 2013 ሥራው ከአሮጌው ጎን ተጀመረ። ያስያዙት ሰዎች ግን ገንዘባቸው መቼ እንደሚመለስ የተጻፈ ቀን አልነበራቸውም፤ የመመለሻው ኮድ ራሱ አልተሠራም ነበር። የእቁብተኛ ተራው ቢርቅ እንኳ ዙሩ የሚያልቅበት ሳምንት ይታወቃል። እነዚህ ያንንም አላወቁም። መውጫው የተከፈተው ሚያዝያ 4 ቀን 2015 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተያዘው ወደ 18 ሚሊዮን ኢተር ደርሶ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁሉም ገንዘቡን ይዞ ይሮጣል ያሉ ብልሆች ነበሩ። መጀመሪያ የወጣ ወጣ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን የሚገባው ከሚወጣው በለጠ።

ዋናው ቀን መስከረም 5 ቀን 2015 ነው፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ42። መርካቶ ከአዲስ ዓመት በኋላ ሱቁን መክፈት በጀመረበት ሳምንት ኢቴሪየም ማይኒንግን አቆመ። መረቡ ለአፍታም አልተዘጋም። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወረደ። የማይነሮቹ ገቢ በዚያች ቅጽበት ለዘላለም ተቋረጠ፤ ያ ቀን እንደሚመጣ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲነገራቸው ኖሯል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የነበራቸው የቢትኮይን ማይኒንግ ድርጅቶች 21 ደርሰው ነበር፤ ብዙዎቹ የቻይና ናቸው። ቢትኮይን ከማይኒንግ የመውጣት እቅድ የለውምና ማሽኖቹ ሌት ተቀን ይበላሉ። ኃይሉን ሸጦ ዶላር ማግኘቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ያንኑ ዓይነት መዝገብ እንቆቅልሽ ሳይፈታ መጠበቅ እንደሚቻል በሥራ ታይቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር የስፌት መኪናው ለሚቆምበት ልብስ ሰፊ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም።

ሌላም ሞኝነት አላቸው። አንዱን ሥራ ደጋግመው ይሠራሉ። ጌዝ፣ ኔዘርማይንድና ቤሱ የሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን ሥራ፣ ፕሪዝምና ላይትሃውስ ደግሞ ሌላውን ሥራ በየራሳቸው የሚሠሩ፣ በተለያዩ ቡድኖች የተጻፉ ናቸው። ወጪ ቆጣቢ ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ይዘጋ ነበር። በ2009 መጀመሪያ፣ ገንቢዎቹ ሻንጋይ ላይ ለጉባኤ በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ አጥቂዎች ጌዝን የጫኑ ኮምፒውተሮችን ሲጥሉ ግን መረቡን በሥራ ላይ ያቆየው ፓሪቲ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነበር።

የያዙትን አይለቁም ስል ግን ዓላማውን እንጂ መንገዱን አይደለም። መረቡን ወደ ብዙ ቅርንጫፍ መከፋፈል የሚለውን ለዓመታት የተለፋበት ሐሳብ በ2013 መጀመሪያ ራሱ ቡተሪን ወደ ጎን እንዲደረግ ጻፈ። በምትኩ ብዙው ግብይት በላዩ በሚሠሩ ሌሎች መረቦች ላይ ይካሄድ፣ ኢቴሪየም መዝገባቸውን ይጠብቅ አለ። መጋቢት 4 ቀን 2016 በተደረገው ማሻሻያ የእነዚያ መረቦች ክፍያ እጅግ ረከሰ፤ ዋናው መረብ ከክፍያ የሚሰበስበውም አብሮ ቀነሰ። የራሱን ዋጋ አውቆ የሰበረ ሻጭ መርካቶ ውስጥ ያበደ ነው የሚባለው።

ለምን ይህን ያህል እንደምቆረቆር ልናገር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 በቨርቹዋል ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ እኔም ማንንም ግዛ አልልም። ግን በክሪፕቶ ስም ስንት እናት የእቁብ ብሯን ተበልታለች። የወሰዱባት ሰዎች ሁልጊዜ ብልህ እቅድ ነበራቸው። ትርፉ በመቶኛ ተቆርጦ፣ የሚከፈልበት ቀን ተጠቅሶ፣ ሰው ባመጣች ቁጥር ጉርሻው ተሰልቶ ይቀርብላታል። አታላይ ቀኑን አይስትም፤ ቀኑን የሚፈጥረው እሱ ነዋ። ቀኑን አላውቅም፣ ስደርስ እነግራችኋለሁ፣ እስከዚያ ኮዱን እዩት የሚል ሰው ሲገኝ ያ ሰው በሞኝነቱ ሊከበር ይገባዋል። መዋሸት ይጠቅመው ነበርና።

ከእቅዱ ያልተሠራው ክፍል ለመርካቶ ከሁሉም ይቀርባል። ዛሬ መዝገቡን በራሱ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቴራባይቶች የሚይዝ ፈጣን ዲስክና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። የአመዴ ገበያ ቸርቻሪ ይህን አይገዛም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የነገረውን ማመን ይገደዳል። ገንቢዎቹ አሁን የሚደክሙት መዝገቡን ሳይሸከሙ እውነተኛነቱን በትንሽ ማረጋገጫ ብቻ፣ በእጅ ስልክ ጭምር ማየት እንዲቻል ነው። ለዚህ ሥራ የመረጡትን የመጀመሪያውን ሒሳብ ወደፊት የሚመጡ ኳንተም ኮምፒውተሮች ሊሰብሩት ይችላሉ ብለው ዓመታት የለፉበትን እንደገና እየመረመሩት ነው። ገና ያልተሠራ ማሽን ፈርተው የሠሩትን ያፈርሳሉ። ቸርቻሪው ደንበኛው ላኩልህ ያለው ገንዘብ በእርግጥ መድረሱን ማንንም ሳይጠይቅ በገዛ ስልኩ እስኪያይ ድረስ፣ ይዘግዩ።