ክፍል የደገመ እግር

ጸጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ተማሪዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ሲናገር ለሰማው ግን ያስተማርኩት ተረብ ይመስላል። ባለፈው ቅዳሜ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ፣ «ቲቸር፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ።

«እግርማ መች ጣለኝ፤ እኔ ነኝ እየጎተትኩ ያመጣሁት።»

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሱሪዬ ተሰበሰበ። ጫማዬን ሊጠርግ ያጎነበሰው ሊስትሮ ቁርጭምጭሚቴን አይቶ ብሩሹን አስቀመጠ። የካልሲው ላስቲክ ሥጋዬ ውስጥ ሰምጦ ቀለበት ሠርቷል። «ጋሼ፣ እግርዎ ካልሲውን ሊውጠው ነው!» አለ። ተማሪዬ ማሽኑን አጥፍቶ ጎንበስ አለና አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ተጭኖ ትንሽ ቆየ። ሲያነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «እዚህ ላይ አቦል ቢቀመጥ አይፈስም» ብሎ ፈረደ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ እግሩን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ በሦስት ወንጀል ይከሰሳል፤ በብርድ፣ በሪህ፣ በነርቭ። ወረፋ የያዙት አዛውንት «ብርድ ነው» አሉ። አጠገባቸው ያለው ሹፌር «ነርቭ ነው፣ ባለቤቴንም እንደዚሁ አድርጓታል» አለ። እኔ ደግሞ ድካም ነው አልኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ድካምን የሚከለክለኝ የለም።

«ቲቸር» አለ ተማሪዬ፣ «ልብ ደሙን ወደ እግር ይልካል፣ ከእግር ወደ ልብ የሚመልሰውስ ማነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ‹ልብ› ብዬ ብመልስ ‹ቁጭ በል› አሉኝ። ዛሬ እርስዎ ቁጭ ብለዋል። ማነው የሚመልሰው?»

ሰው ጸጉሩ ግማሽ ተቆርጦ ፈተና አይሸሽም። መለስኩ። የሚመልሰው ባት ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ይኮማተርና ውስጡ ያለውን ደም መልስ ይጨምቀዋል፤ ደሙ ሽቅብ ይወጣል። ደም መልሱ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች አሉ፤ ጡንቻው ሲላላ ይዘጉና የወጣው እንዳይወርድ ያግዱታል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ግን ጨማቂ የለውም። ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ደም በሙሉ ክብደቱን ታች ይጥላል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ያው ሰው ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ያለ ባዮሎጂ ያውቀዋል፤ ፓምፕ ከሌለ ውሃው ምድር ቤት ያሉትን አጠጥቶ ያድራል።

«እና እርስዎ ሃያ ስድስት ዓመት ፓምፑን አጥፍተው፣ ሮቶው ለምን አልሞላም ይላሉ?»

አዛውንቱ ደረሱልኝ። «እኛስ ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ እንቆም የለም እንዴ! ምን ሆንን?»

«አባባ፣ እናንተማ ትሸበሽባላችሁ። እግር ይነሳል፣ ይወርዳል። ቲቸር እኮ እንደ ስልክ እንጨት ነው የሚቆሙት፤ ከሰሌዳው ጥግ ወፍ ሲያርፍባቸው አይቻለሁ።»

የተረፈችኝ ክብር ብትኖር ብዬ ታሪክ ጠቀስኩ። ስለ እነዚያ በሮች ፓዱዋ የሚያስተምር ፋብሪሲየስ የሚባል ሰው በ1603 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፏል፤ ሥራቸው ግን ደም ወደ እግር ተግተልትሎ እንዳይወርድ ማዘግየት መሰለው። ቁም ነገሩ የገባው ተማሪው ዊልያም ሃርቬይ ነው፤ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ በሮቹ ደምን ወደ ልብ ብቻ እንደሚያሳልፉ አሳየ።

«መምህሩ አይቶ አልገባውም፣ ለተማሪው ገባው» አለ ልጁ፣ አንገቴን በዱቄት እያራገፈ። «ቲቸር፣ የእኛን ነገር ያኔውኑ ጽፈውት ኖሯል!»

በሮቹ በዕድሜ፣ በዘር፣ በእርግዝና፣ በውፍረት፣ በብዙ መቆምም ይላላሉ። የወጣው ደም ተመልሶ ይወርዳል፤ ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ እንደ ገመድ ቆዳ ላይ ይወጣል። ጠዋት የሌለ ክብደት ማታ ይመጣል። ችላ ሲባል ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ያሳክካል፣ ሲብስ የማይድን የሚመስል ቁስል ይከፍታል። ስሙ ደም መልስ ነው፤ መልስ ሲያጣ እንዲህ ነው።

ለዚህ የሚሆን ካልሲም ነበረኝ። ዋሽንግተን ገንዘብ ተቀባይ ሆና ቀኑን ቆማ የምትውለው እህቴ ጠበቅ ያለውን፣ ከታች ጨብጦ ወደ ላይ የሚላላውን ልካልኝ ነበር። ማታ እግሬ አብጦ ሳለ ግማሽ ሰዓት ታግዬ ጉልበቴ ሳይደርስ ተውኩት። «የእግር ብረት ነው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለካ ጠዋት፣ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ገና ሳያብጥ ነው የሚለበሰው። ደም ቅዳው የጠበበበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያየው ሊለብሰው አይገባም።

«እህትዎ ፓምፕ ልካ እርስዎ ቆልፈውበታል» አለ ተማሪዬ።

ሹፌሩ ግን ቁም ነገረኛ ነው። «ተነሱ ጋሼ፣ ወጌሻ ጋ ላድርስዎት። በቅቤ አሽቶ ይፈታዋል።»

እዚህ ላይ ተረብ የለም። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱ ካመመ፣ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም አይታሽም፤ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያን ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ያን ሰዓት። ሁለቱም እግር ሲያብጥ ደግሞ ጥፋቱ የልብ ወይም የኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ቅልጥም ተጭኖ መፍረድ አይበቃም። ይህን ስናገር ማሽኑ እንኳ ዝም አለ።

ሰኞ ሄድኩ። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ «በሮቹ አይገጥሙም፣ ያፈሳሉ» አለችኝ። ካልሲውን ከመሳቢያ አወጣሁት። ማታ እግሬን ከልቤ በላይ ትራስ ላይ እሰቅላለሁ። ካልተሻለኝ የተበላሸውን ሥር በሌዘር ሙቀት የሚዘጉበት መንገድ አለ፤ ደሙ በጤነኞቹ ሥሮች ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ደግሞ እያስተማርኩ ተረከዜን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። የኋላ ወንበር ልጆች አብረውኝ ይነሱ፣ ይወርዱ ጀምረዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ባስተማርኩት ትምህርት ውስጥ ሁሉም በአንዴ የተረዱት ይህ ብቻ ነው።

በቀጣዩ ወር ለመቆረጥ ስመለስ ልጁ ቁምጣ ለብሷል። ከላይኛው መደርደሪያ ፎጣ ሊያወርድ ሲንጠራራ ከጉልበቱ ጀርባ እስከ ባቱ የወረደ አረንጓዴ ገመድ አየሁ፤ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። ቀኔ ደረሰ አልኩ።

«አንተ፣ ይሄ ምንድነው? የባት ነገር እኮ ዘጠነኛ ክፍል ተምረሃል!»

ፎጣውን አንገቴ ላይ ጠበቅ አድርጎ ካሰረው በኋላ፣ «ምን ላድርግ ቲቸር» አለኝ፣ «መምህሬ ሲያስተምረኝ ቆሞ ነበር።»