የዕቃ አለባበስ በደጋው አገር፦ ከዳባት እስከ ደባርቅ የተደረገ የሳሎን ጥናት

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ብርድ በቂ ጸሐፊ አግኝቷል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ መውረዱ በየመንገደኛው ማስታወሻ ሰፍሯል። ሰው በዚህ ብርድ ምን እንደሚለብስም ይታወቃል፤ ጋቢ ነው፣ ሲብስም ቡልኮ። ያልተጻፈው ዕቃው ምን እንደሚለብስ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ብፌው፣ ፍሪጁ፣ ረከቦቱ፣ የሶፋው ጀርባና ክንድ በዚያ ደጋ ላይ እርቃናቸውን እንደማያድሩ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም።

ክፍተቱ በተለይ ዳባት ላይ ያሳፍራል። ዳባት በአገራችን ሕዝባቸው ደጋግሞ ከተቆጠረ ወረዳዎች አንዷ ናት። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጣቢያ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እያዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አገር እንደለቀቀ ያስመዘግባል። መዝጋቢው ይህን ሁሉ ሲጽፍ ክንዱ ያረፈው ዳንቴል ላይ ነው። ዳንቴሉ ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

የእኛ ናሙና አመራረጥ ጥብቅ ነበር፤ ቡና የጠራን ቤት ሁሉ ተካቷል፣ ያልጠራን ቀርቷል። አኃዝ አላቀረብንም። ለመቁጠር ሰንፈን አይደለም፤ ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ባለቤቲቱ «ቆዩማ፣ ያላያችሁት አለ» ብላ ከቁም ሳጥኑ ሌላ ስለምታወጣ ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት አጭር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሮሽ የያዘ እጅ ለሰው አይሠራም፤ ለዕቃ ነው የሚሠራ። ምክንያቱም ሰው ብብት አለው። የልብስ ስፌትን ታሪክ ከሥር ጀምሮ የመረመረ ሰው ጀማሪን ያሸነፈው አንገትም ወገብም ሳይሆን ብብት መሆኑን ይደርስበታል። ሬዲዮ ብብት የለውም። አራት ማዕዘን ነው፣ አያድግም፣ አይወፍርም፣ ሲለካ አይስቅም፣ ጠበበኝ ብሎ ፊቱን አያጠቁርም። ስለዚህ ልጅቱ ክርና ኪሮሽ ይዛ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትሠራው የሬዲዮ ልብስ ነው። ኪሮሽ ከሌለ የጃንጥላ ሽቦ ጫፉ ድንጋይ ላይ ተስሎና ተቆልምሞ ያገለግላል፤ የዚያን ክረምት አንድ የቤተሰብ አባል ለምን በዝናብ እንደተደበደበ የሚጠይቅ የለም። ንድፉ ከጎረቤት በውሰት ይመጣል፤ ቀዳዳው ተቆጥሮ ይገለበጣል። ጎረቤቲቱ ስታበድር አንድ ረድፍ አዛብታ ነው የምትሰጥ የሚል አቤቱታ በብዙ ቤት ሰምተናል፤ ተበዳሪዎቹም ያንን ረድፍ አርመው ሲያበድሩ ሌላውን እንደሚያዛቡ አልካዱም።

ሬዲዮው ከለበሰ በኋላ ነገሩ ልጓም የለውም። ጠረጴዛው ይከተላል፣ ከጠረጴዛው ብፌው፤ በብፌው ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች በየመደርደሪያው ጠርዝ ሹል ሹል ዳንቴል ተንጠልጥሎላቸው ይኖራሉ። ፍሪጁ በሳሎን ነው የሚቆም። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጥርስ በሚያንቀጠቅጥበት ከተማ ፍሪጅ ምን ይሠራል ብለን ስንጠይቅ ትዝብት ላይ ወደቅን፤ ፍሪጁ ዳንቴሉን ተሸክሟል፣ ዳንቴሉ ፔርሙሱን ተሸክሟል፣ ፔርሙሱም በበኩሉ ቀሚስ አለው።

አንድ የእንግዳ ጠረጴዛ በመሬት ቁፋሮ ሥርዓት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ንብርብሩን አጥንተናል። ከላይ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው፤ ከሥሩ ትንሽ ክብ ዳንቴል፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውን በሙሉ የሸፈነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፤ ከላስቲኩ ሥር ትልቁ ዳንቴል፤ ከዳንቴሉ ሥር ነጭ ጥልፍ ጨርቅ፤ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ሌላ ላስቲክ፣ ጠረጴዛው ሲገዛ አብሮት የመጣው። ዳንቴሉ ጠረጴዛውን ይጠብቃል፤ ላስቲኩ ዳንቴሉን ይጠብቃል፤ ላስቲኩ እንዳይቧጨር ደግሞ ስኒ የሚቀመጠው በትንሽ ስፌት ላይ ነው። ጠረጴዛው ከምን እንጨት እንደተሠራ ለማወቅ ጥረት ተደርጓል። አባትየው ወይራ ነው አሉ። እናትየው ባሕር ዛፍ መሆኑን፣ ሲገዛ አብረው እንደነበሩ አስታወሱ። የልጅ ልጅ እንጨት አይመስለኝም አለ። ገልጦ ማየት እንዳይቻል እንግዳ ነበረ፤ እንግዳዎቹ እኛ ነን።

ቴሌቪዥን የተለየ ምዕራፍ ይገባዋል። በአገራችን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ነው፤ በ1977 ባለቀለም ሆነ። የቴክኒክ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሁለተኛ ዓመት ትልቅ ለውጥ ያደርጉታል፤ በሳሎን በኩል ግን ምንም አልተለወጠም፤ ቀለም ያለውም የሌለውም አናቱ ሰፊ ነበር፣ ሁለቱም ነጭ ለበሱ። አናቱ ላይ ዳንቴሉ በሰያፍ ተነጥፎ አንዱ ማዕዘን በመስተዋቱ ላይ ይወርዳል፤ በዜና ሰዓት የአንባቢው ግንባር በዳንቴል ጫፍ ተሸፍኖ ነበር የሚታየው። እውነተኛው አብዮት የመጣው ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲገባ ነው። ያ ዕቃ አናት የለውም። ጣት የማታሳርፍ ጠርዝ ላይ የአንድ ክረምት ሥራ ምን ላይ ይነጠፍ? በፋብሪካው ያሉ መሐንዲሶች ምስሉን ለማጥራት ሲደክሙ ለዳንቴል ቦታ ስለ መተው ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰቡም።

ደጋው ለዚህ መልስ አጥቶ አልተቀመጠም። ዳንቴሉ ከአናት ወርዶ ፊት ለፊት ተንጠለጠለ፤ ቴሌቪዥኑ እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይገለጣል፣ ድራማው ሲያልቅ ይሸፈናል። የተረፈው ለሪሲቨሩ ተሰጠ። ሪሲቨር ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ስለሆነ መሸፈን አይወድም፤ በብርድ አገር ግን ሞቀኝ የሚል ዕቃ የሚያምነው የለም። መብራት ሲጠፋም ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሥራ ያቆማል፣ ሪሲቨሩ ሥራ ያቆማል፣ ፍሪጁ ሥራ ያቆማል። ዳንቴሉ አያቆምም።

የሶፋ ጀርባ ልብስን በተመለከተ የውጭ አገር ንጽጽር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች ፀጉራቸውን በማካሳር ዘይት ይቀቡ ነበር፤ የቤት እመቤቶችም የወንበሩ ጀርባ እንዳይጨማለቅ ጨርቅ ያንጠለጥሉበት ጀመር። ይህን ያነበበ ሰው እኛ ጋም ምክንያቱ የራስ ቅቤ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። መረጃው አይደግፈውም። ቅቤ የተቀባች ሴት ሻሽ ታስራለች፣ ደግሞም አትደገፍም። የሚደገፈው ፀጉር የሌለው ወንድ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የጨርቁ ሥራ ከቅባት መከላከል አይደለም፤ እንግዳን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። «ኧረ ደገፍ በሉ፣ እንደ ቤታችሁ ሁኑ!» ትላለች ባለቤቲቱ። እንግዳው «ደኅና ነኝ፣ ይመስገን» ብሎ ወገቡን ያቀናል። ሁለቱም ስምምነቱን ያውቁታል። አንዳንድ እንግዳ ቃሏን አምኖ ሲደገፍ ዳንቴሉ በጀርባው ታክኮ ይወርዳል፣ ሲነሳም ከኮቱ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ያ ሰው ሲወጣ ስለ እርሱ የሚነገረውን እዚህ ላይ ማስፈር አግባብ አይደለም።

የጥልፍ ሥዕላት ጉዳይ ለእንስሳት ተመራማሪዎችም ይጠቅማል። ትራስ ልብስ ላይ ጽጌረዳ አለ፣ ጣዎስ አለ፣ አንገት ለአንገት የተቆላለፉ ሁለት ዳክዬ መሰል ወፎች አሉ፤ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» ተብሎ ተጠልፏል። ከእነዚህ ወፎች አንዱንም በሰሜን ተራሮች አላየንም። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የትም የለም፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም አንዱ መኩሪያው እርሱ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኑ በስሙ ይጠራል፤ ባየናቸው ትራሶች ላይ ግን አልተገኘም። ጭላዳም የለ፣ ጅብራም የለ። መጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ ጉድለት ነው ብለን ጽፈን ነበር፤ አንዲት ባለሙያ እናት ግን ነገሩን ቀለል አድርገው አስረዱን። ጥልፉ በካርቦን ከወረቀት ወደ ጨርቅ ነው የሚገለበጥ፤ የዋልያ ካርቦን ደግሞ ገበያ የለም። ቢኖርስ፣ ያን ቀንድ በመርፌ ማን ያዞረዋል? ጭላዳን በተመለከተ «እሱማ ገብሳችንን በላ፣ ደግሞ ትራሴ ላይ ላስተኛው?» የሚል መልስ ተመዝግቧል።

ዕቃ ማልበስ ከዳንቴል ጋር የመጣ አመል አይደለም። ከክሩ በፊት ሣሩ ነበረ። መስከረም ጠብቶ ስንደዶ ሲደርስ ልጃገረዶች ይነቅላሉ፤ ተሰንጥቆ፣ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ በወስፌ እየተበሳ አክርማ በሚባለው ሣር ላይ ይጠመጠማል። የሙዳዩ መነሻ፣ ያቺ የመሃሏ ክብ፣ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነች ለልጅቱ አያት ይጀምሩላታል፤ ጫፉን መዝጋትም ከባድ ስለሆነ እናት ትጨርስላታለች፤ ሙዳዩ ግን የልጅቱ ሥራ ይባላል። ዛሬ ዛሬ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክርም በአለላ ቦታ ይገባል፤ ቀለሙ አይለቅም፣ ውበቱ ላይ ግን እኛ ድምፀ ተአቅቦ አድርገናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በዚህ አገር ኖሯል፤ አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 በነገሡባት በደረስጌ ማርያም ግንባታም እጁ አለበት። ሣር ለቅሞ፣ በወረቀት መሃል አድርቆ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ስንደዶም በሳይንስ መጻሕፍት በእርሱ ስም ተጠራ። የስምንት ዓመት ልጅ ያንኑ ሣር ሙዳይ ታደርገዋለች፣ እርሱ ግን አድርቆ አስቀመጠው። ስም አወጣጥ ላይ ያለን አስተያየት ይኸው ነው።

የጥራት ቁጥጥሩ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ተማሪዋ ይዛ የምትመጣው ሥራ የእናቷ መሆኑን መምህሯም ያውቃሉ፣ እናትም ያውቃሉ፣ ስለዚህ ከአሥር ሰባት ሲሰጥ ቤት ድረስ የሚያኮርፉት እናት ናቸው። ሁለተኛው ደረጃ አማት ናቸው። አማት የፊቱን ጥልፍ አያዩም። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» እያሉ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ጀርባ ላይ ቋጠሮው፣ የተሳተው መርፌ፣ ክር ለመቆጠብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረው መንገድ፣ ሁሉም ይነበባል። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ደባርቅ ያለው ጭምር፣ ይህን የመሰለ ገምጋሚ የለውም።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ልብሱ ሁሉ ተገፎ በኦሞ ይታጠባል፤ አጥሩ በዳንቴል ይሸፈናል፣ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ያን ቀን ጥናት ለማድረግ ሞክረን በር አልተከፈተልንም።

የቀረው የንግድ ሚዛኑ ነው። በዚህ ሁሉ የእጅ ሥራ መካከል በርግጥ ለሰው ራስ ታስቦ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ እረኛ ልጆች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ጆሮ የሚሸፍን ቆብ። እርሱም በፓርኩ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ መንገድ ዳር ለጎብኚ ይሸጣል፣ ወደ ፈረንጅ አገርም ይሄዳል። ከፈረንጅ አገር ደግሞ አሮጌ ሹራብ በቦንዳ ታስሮ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ደባርቅ ሰልባጅ ተራ ይደርሳል። የእኛ ሱፍ ወደዚያ፣ የእነርሱ ሱፍ ወደዚህ፤ መሃል ላይ ያለው የዳንቴል ክር ብቻ ከአገር አይወጣም። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በነሐሴ ብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ፣ እናቱ አጠገብ ቆሞ፣ ጭኗ ላይ ያለውን ትልቅ የክር ድቡልቡል እያየ፣

«እማ፣ ለእኔም ሹራብ ሥሪልኛ» አላት።

«የሶፋው አላለቀም እኮ» አለች ቀና ሳትል።

«ሶፋው ይበርደዋል እንዴ?»

«ሶፋውን እንግዳ ያየዋል። አንተን ማን ያይሃል? ለአንተማ ለገበያ ቀን ከሰልባጅ እናያለን፤ በል ክሩን እንዳትረግጥብኝ።»