እባክህ አትንካልኝ

«ወንድሜ፣ ዛሬ ብቻ ማስታወቂያህን ሠላሳ ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረግሁልህ! እግዜር ይስጥልኝ አይባልም?»

ይባላል እንጂ። ግን የምለው ለአንተ ሳይሆን ለጣትህ ነው፤ ሥራ ይዞ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ ያለ ወዳጅ ሰላ ድንጋይም አለ፣ አዲስ አበባም አለ፣ ዲሲም ሞልቷል። አንድ የሰላ ድንጋይ ልጅ ድረ ገጽ ከፍቶ የወረዳውን፣ የሞጃና ወደራን፣ ወሬ ይጽፋል እንበል፤ የገብሱን ዋጋ፣ የባቄላውን ዋግ፣ የሠርጉን ዳስ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የጎግል አድሴንስ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍለታል። አንባቢ ሲነካው አስተዋዋቂው ይከፍላል፣ ጎግል ድርሻውን ያነሣል፣ የተረፈው ለልጁ ይቀመጥለታል። አስተዋዋቂው ኪሱን የሚፈታው «የነካ ይገዛ ይሆናል» ብሎ ነው። ወዳጃችን ግን ምን ሊገዛ? የዱባይ አፓርታማ ሠላሳ ጊዜ ነካክቶ ኪሱ ሲፈተሽ የተገኘው የደብረ ብርሃን መሳፈሪያ ነው፤ እሱም የመሄጃው ብቻ።

«ቢሆንስ? የሚወጣው ከባዕድ ኪስ ነው!»

የባዕድ ኪስ ዚፕ አለው። አርካንሳስ ውስጥ ያለች አንዲት የስጦታ ዕቃ ሱቅና መሰሎቿ «በሐሰተኛ ጠቅታ አስከፈልከን» ብለው ጎግልን ከስሰውት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ነው የተላቀቀው። ይህን የቀመሰ ድርጅት የአንተን ሠላሳ ጠቅታ ሲያይ ምን ትዝ እንደሚለው ገምት። ከአንድ ስልክ፣ በአንድ ከሰዓት፣ አንድም መስመር ሳይነበብ የመጣውን ሁሉ «የማይረባ» ብሎ ይሠርዛል፤ ለአስተዋዋቂው ይመልሳል፤ ከልጁ ሂሳብ ይቀንሳል። ሲደጋገም ሂሳቡን ጭራሽ ይዘጋዋል። የልጁ ሂሳብ ሲዘጋ ክፍት ሆኖ የሚቀረው ያንተ አፍ ነው።

«አንድ ሰው አይደለንም እኮ! ሻይ ቤት ተቀምጠን አሥራ ሁለታችንም ነካንለት።»

በአንድ ዋይፋይ ላይ ከተደረደራችሁ ከውጭ የምትታዩት በአንድ አድራሻ ነው። ደግሞስ ጎግል ምን ቸገረው? አሥራ ሁለት ሆናችሁ አንድ ሻይ ስታዝዙ የሻይ ቤቷ እትዬም የቆጠሯችሁ እንደ አንድ ሰው ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ የረቀቁ አሉ። «የእኔን ንካልኝ፣ ያንተን እነካለሁ፤ ስክሪንሾት ላክ» ተባብለው ይማማላሉ። ስሙንም «የክሊክ ደቦ» ብለውታል። ደቦ ሲጠራ ማሳ አለ፣ አዝመራ አለ። እናንተ የሰው አዝመራ ላይ ወጥታችሁ ስትጨፍሩ ውላችሁ «ጠላው የታለ?» ትላላችሁ።

ዋናው ጉድ ወዲህ ነው። ምቀኛም አለ። የተፎካካሪውን ሂሳብ ለማስዘጋት ሌሊቱን ሙሉ የተፎካካሪውን ማስታወቂያ ሲነካ የሚያድር፣ ወይም ሮቦት ቀጥሮ የሚያስነካ። ከሰርቨር ማዶ ሆኖ ለሚያይ፣ የምቀኛው ጠቅታና የወዳጁ ጠቅታ መልካቸው አንድ ነው፤ ውጤታቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው ወዳጅ በማግስቱ መጥቶ ምስጋና መጠየቁ ላይ ብቻ ነው። እንዲያውም ከሁለቱ ምቀኛው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ቡና አልጋብዘውም።

«ጎበዝ፣ ብልጥ ከሆንክ ማሽኑን ማታለል ይቻላል።»

ተሞክሯል። አሌክሳንደር ዡኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ራሱን «የማጭበርበር ንጉሥ» ብሎ ሾመ። ዳላስና ሌላም ቦታ ከ1,900 በላይ ሰርቨሮች ተከራየና ሰው አስመሰላቸው። ማሽኖቹ ማውስ ያንቀሳቅሳሉ፣ ገጹን ወደታች ይስባሉ፣ ቪዲዮ ጀምረው መሃል ላይ ያቆማሉ፣ ፌስቡክ የገቡም ይመስላሉ። በዚህ ዘዴ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ያለ ፍርድ ቤት 10 ዓመት ፈረደበት። 1,900 ሰርቨር የያዘው ንጉሥ ወህኒ ወረደ፤ አንተ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ቴክኖ ልትነግሥ ነው?

ደግሞ ልጁ ገና ምን አገኘና! ሂሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጎግል አድራሻውን ለማረጋገጥ የምሥጢር ቁጥር ይልካል፤ የሚልከውም በፖስታ ነው። አዎ፣ በወረቀት፣ በቴምብር። ፖስተኛ በር በማያንኳኳበት አገር፣ ሳጥን ተከራይቶ፣ ሳጥን ከሌለውም የሰው ሳጥን ለምኖ ይጠብቃል። ቁጥሩ በ4 ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል። ቁጥሩ ቢገባም 100 ዶላር ሳይሞላ ክፍያ የለም። በዚህ መሃል ነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለው፤ የዶላሩ ምንዛሪ ሲወጣ የወዳጅ ፍቅርም አብሮ ወጣ። ፖስታው ሰላ ድንጋይ ሳይደርስ ሠላሳውን የነኩት ቀድመው ደረሱለት።

ጠቅ ጠቅ አድራጊው የመጀመሪያው እንግዳችን ነበር፤ ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ይኼኛው አይነካም። የሰው ገጽ ለምን ትነካለህ ስትለው የሚምልልህ ዓይነት ነው።

«እኔ አልሰረቅሁም! አንድ ቃል አልገለበጥሁም። ገጽህን እንዳለ ነው በእኔ ገጽ ውስጥ ያሳየሁት፤ ስምህም አለበት።»

ስሜ የዱቤ መዝገብ ላይም አለ፤ ባየሁት ቁጥር ግን ደስ አይለኝም።

ይኼ ፍሬም የሚባለው ነው። ሰውየው የራሱን ድረ ገጽ ይከፍትና መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ባዶው መስኮት ውስጥ የልጁን ገጽ ከነሕይወቱ ይከፍተዋል፤ ዙሪያውን፣ ከላይ ከታች፣ የራሱን ማስታወቂያ ይደረድራል። አንባቢው የገብሱን ዋጋ ያነባል፣ ገንዘቡ ወደ ፍሬሙ ባለቤት ይሄዳል። ጨዋ ከተባለ በዚህ ይበቃዋል። ባለጌው ደግሞ የልጁን ማስታወቂያ የማይታይ መጋረጃ አድርጎ «ቪዲዮውን ለማየት እዚህ ይጫኑ» በሚል ቁልፍ ላይ ይዘረጋዋል። አንባቢ ቪዲዮ ጀመርኩ ሲል ማስታወቂያ ነክቷል፤ ያ ጠቅታ በልጁ ስም ይመዘገባል፤ ጎግልም የሚቀጣው ልጁን ነው። ሁለቱ እንግዶች እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ጣቱን ያመጣል፣ ሌላው የሰውን ጣት ይዋሳል።

ሰላ ድንጋይ እኮ ይህን ሁሉ በማታውቅ ዘመን ደጅ ማስከበር ታውቅበት ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲቀመጡ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ እዚሁ ሰላ ድንጋይ የራሳቸው ግቢ፣ የራሳቸው አገዛዝ ነበራቸው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲያልፍ እሳቸውን እጅ ሊነሣ መጥቷል። እስቲ አንዱ ከግቢው ደጃፍ ድንኳን ተክሎ «እመቤቲቱን ለማየት በእኔ ድንኳን በኩል እለፉ፤ ስታልፉም ከእኔ አሞሌ ግዙ» ቢል ብለህ አስብ። «አልሰረቅሁም፣ ስማቸውም ድንኳኑ ላይ አለበት» ብሎ ሲከራከር ይታየኛል። ድንኳኑ ግን አይታየኝም፤ ተነቅሏል።

«አንባቢ አመጣሁልህ፣ አታመሰግነኝም?»

አንባቢውን መቼ ወደ እኔ አመጣኸው? እኔን ነው ወደ አንተ የወሰድከኝ፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ቶታል ኒውስ የሚባል ድረ ገጽ የትልልቆቹን ዜና በፍሬም ውስጥ እያሳየ ዙሪያውን የራሱን ማስታወቂያ ሲቸበችብ፣ ዋሽንግተን ፖስት፣ ሲኤንኤን፣ ዳው ጆንስ፣ ሮይተርስና ሌሎችም ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱት። በዚያው ዓመት ተስማሙ፦ ሊንክ ማድረግ ይቻላል፣ ፍሬም ውስጥ መክተት ግን ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ቁም ነገር ተናገረ። ባለመብቱ ፍሬምን የሚከለክል መቆለፊያ አድርጎ ሳለ፣ ሌላው ያንን ጥሶ ቢያሳይ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያልቆለፈው ግን ወዮለት፤ ያው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ለሁሉም ክፍት የተደረገን ነገር በፍሬም ማሳየት በራሱ ጥሰት አይደለም ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ባለ ገጹ ልጅ ዘሎ ይነሣል። «ሌቦች! ሌቦች! መንግሥት የት አለ?»

አንተስ ቁልፍህ የት አለ? ሰርቨርህ ላይ ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ የሚባል መስመር አለ፤ በአዲሱ አሠራር ደግሞ ሲኤስፒ ውስጥ ፍሬም አንሴስተርስ ይሉታል። እሱን ስታስገባ የአንባቢው ብራውዘር ራሱ ገጽህን በሌላ ሰው መስኮት ውስጥ አልከፍትም ይላል።

«አንድ መስመር ብቻ?»

አንድ መስመር ብቻ። ፌስቡክ ላይ ከለጠፍከው እርግማን በብዙ ያጥራል፤ ችግሩ ላይክ አያመጣም።

መስመሩ የማያቆመው ቴሌግራሙን ነው። እዚያ ፍሬም የለም፣ መጋረጃ የለም፤ ጽሑፍህ ከነፊደል ግድፈቱ ተገልብጦ «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» ተብሎ ይወጣል። ለዚህስ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለልህ፤ ሥራህን ያለ ፈቃድህ ማባዛት አይቻልም ይላል። ገልባጩን ስትይዘው «ወንድም፣ የሕዝብ መረጃ ነው እኮ» ይልሃል። የገብሱ ዋጋማ የሕዝብ ነው። «ገብስ» ለማለት ፈልገህ «ግብስ» ያልክባት ስሕተት ግን ያንተው ናት፤ እሷንም ገልብጧታል። ከእሷ የተሻለ ምስክር አታገኝም።

አሁን ደግሞ ጆሮህን አቅርብ፣ ባለ ገጽ። ጠቅታ አጭበረበሩኝ የምትለው አንተ፣ በየቀኑ «ሰበር ዜና» የምትለው ምንድን ነው? በዓመት ውስጥ የሰበርከውን ዜና ብዛት የደብረ ብርሃን ወጌሻ ሁሉ ተሰብስቦ አይጠግነውም። ርዕሱ «ጉድ ፈላ!» ይላል፤ ገብተን ስናይ የፈላው ሽሮ ነው። «ቀጣዩን ለማንበብ» የሚለውን ቁልፍ ከማስታወቂያው ጋር አጣብቀህ፣ ጣቱ ወፍራም የሆነውን አንባቢ ሁሉ ዱባይ የምትልከው አንተ አይደለህም? እሱም ሐሰተኛ ጠቅታ ነው፤ ጎግልም ያግዳል። የቴክኖው ወዳጅህን ስትረግም በመስታወት ፊት ቆመህ እንዳይሆን።

«እሺ፣ አንድ መፍትሔ አለኝ» ይላል ከጥግ የተቀመጠው። «ኢንተርኔቱን ዘግቶ መገላገል ነዋ!»

እሱም ታይቷል፣ ጋሼ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። ሐሰተኛው ጠቅታ ድራሹ ጠፋ፤ እውነተኛው አንባቢም አብሮት ጠፋ። ያን ጊዜ የሰላ ድንጋይን ገበያ ለማወቅ ሰላ ድንጋይ ገበያ መውጣት ነበረብዎት።

ባለ ገጹ ግን አልረካም። «ታዲያ ምን ልብላ?»

ደብረ ብርሃን ውረድ። ብርድ ልብስ ነጋዴውን፣ ባለ ሆቴሉን፣ ባለ ወፍጮውን አነጋግርና ማስታወቂያቸውን በወር ክፍያ ለጥፍ። ወር ሙሉ ቢነኩትም ባይነኩትም ሂሳቡ ያው ነው፤ ወዳጅህ ሠላሳ ጊዜ ቢነካው የሚያልቀው የራሱ ካርድ ነው።

«እነሱማ በዱቤ ይሉኛላ!»

ባለ ዕዳህን ደጁ ድረስ ሄደህ ትጠይቀዋለህ። ጎግልን በምን ትጠይቀዋለህ?

«በፖስታ።»