ደብሮኝ ነው የጠጣሁት

ጠጪ ምክንያት አያጣም። “ደብሮኝ ነው የጠጣሁት” ይላል። “ጠጥቼ ነው የደበረኝ” የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሰኞ ጠዋት ፊቱን አጨማዶ ቢሮ የገባን ሰው “ምን ሆንክ?” በሉት፤ አለቃው፣ የነሐሴ ደመና፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የሰው ዓይን ተራ በተራ ይከሰሳሉ። ከዓርብ እስከ እሑድ የተጨለጠው ጃምቦ ግን ለምስክርነት እንኳ አይጠራም።

እንዲያውም ይሾማል። “ማርከሻ” ተብሎ በጠዋት ከዱለት ጋር ይቀርባል። ማታ ደግሞ ብርጭቆ ሲጋጭ “ለጤናችን!” ይባላል፤ የሚስቅ የለም።

አንጎል የሚያረጋጋው ጋባ የሚባል ኬሚካል አለው፤ የሚያነቃው ደግሞ ግሉታሜት ነው። አልኮል የመጀመሪያውን ያግዛል፣ ሁለተኛውን ያፍናል። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አለቃን ይቅር የሚያስብለው ይኸው ነው። ነገሩ በየቀኑ ሲደጋገም ግን አንጎል እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አጠገቡ ያለ ተሳፋሪ ፍሬን እየረገጠ ያስቸገረው ሹፌር ነዳጁን አብዝቶ እንደሚረግጥ፣ እሱም ማረጋጊያውን አድክሞ ማነቃቂያውን ያበረታል። ተሳፋሪው ሲወርድ፣ ማለትም መጠጡ ከደም ሲወጣ፣ ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰበብ የሌለው ፍርሃት ይመጣል። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞንም ያሻቅባል። ያኔ ወዳጃችን “ጭንቀት ስለበዛብኝ ትንሽ ልቅመስ” ብሎ ይነሣል።

የደስታው ነገር ከዚህ ይብሳል። በየምሽቱ በመጠጥ የሚቀሰቀሰው ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ተቀባዮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የልጅ ሳቅ፣ የእናት ዶሮ ወጥ፣ የአርሰናል ጎል እንኳ ሳይቀር አልሰማ ይላል። ሰውየው ሕይወት ጣዕም አጣችብኝ እያለ ሲተክዝ ያመሻል፤ የሚተክዘውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

“ያስተኛኛል” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቶሎ ያስተኛል። ግን ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ ይሸራርፍና የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ዕዳውን የሚቆጥረው ሰው የነቃው ዕዳው ቀስቅሶት ይመስለዋል።

እርግጥ ነው፣ ድባቴ ቀድሞ ይዞት መጠጥ ውስጥ የገባም ሞልቷል፤ ሁለቱ ችግሮች በዘርም የሚጋሩት ነገር አለ። የአብዛኛውን ጠጪ ሐዘን ማን እንዳመጣው የሚያጋልጥ ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ወጥቷል። ብራውንና ሹኪት የተባሉ ተመራማሪዎች በመጠጥ ሱስ ተኝተው የሚታከሙ 191 ወንዶችን ተከታተሉ። ሲገቡ 42 ከመቶ ያህሉ ከባድ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ሳይጠጡ አራት ሳምንት ሲሞላቸው ምልክቱ የቀረው 6 ከመቶው ላይ ብቻ ነበር። አለቃቸው አልተቀየረም፣ ኑሮም አልረከሰም።

የእኛ ሰው ግን ሐኪም ፊት ሲቀርብ “የሚያስተኛ ኪኒን ይዘዙልኝ” ነው የሚለው። “ትጠጣለህ?” ሲባል “እንደ ማንኛውም ሰው” ብሎ ያልፋል። ማንኛውም ሰው ስንት እንደሚጠጣ ደግሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ይህን ስል ዛሬውኑ ጠርሙስ ይሰበር ማለቴ አይደለም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንዘፈዘፍና ሊቃዥ፣ አንዳንዴም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማቆሙም በሐኪም እጅ ይሁን። ስትሄዱም ትክክለኛውን ቁጥር ንገሩት፤ አረቄውንም ጨምራችሁ።