ጠባቂው እኛ፣ አዛዡ እርስዎ?

«ሕዝቡን አወያይተናል።»

መቼ ነው ያወያያችሁን ጌታዬ? ተራራው ተከልሎ ካለቀ፣ ካርታው ከታተመ፣ ችግኙ በመኪና ከተጫነ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር ሰማን፤ ለጥያቄና አስተያየት ሩብ ሰዓት ተሰጠን፤ ስንወጣ በር ላይ ፈረምን። ያ ፊርማ ሪፖርት ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ሆኖ ወጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ግን የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን መስጠት ያለበት ዕቅዱ ሲነደፍም ሥራ ላይ ሲውልም ነው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ከፋብሪካ የሚለቀቀውን ውኃ ከብቶቹ የሚጠጡበት ገበሬ ያን የጥናት ጥራዝ በሚገባው ቋንቋ ማን አነበበለት?

«ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል።»

መንዝ ይውጡና ጓሳን ይዩ። ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ምድር ነው። ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮው አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። ለዚህ ያበቃው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ አይደለም፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የቄሮ ሥርዓት ነው። ባለርስቶቹ የአስቦና የገራ ተወላጆች የጥበቃውን አለቃ፣ አባ ቄራን፣ ይመርጡ ነበር። ጓሳው ሦስት ዓመት፣ ሲያሻም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ አባወራው ተራ ገብቶ ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል። ያን ጊዜ ማጭድ የያዘው ሁሉ ይወጣል፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር በሸክምና በአህያ ይወርዳል። ክረምት ሲቃረብ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚታረፍ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ምን ግንዛቤ ይጎድለዋል? ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!

«እሱ ድሮ ቀረ።»

ቀረ፤ እንዴት እንደቀረም ይታወቃል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ወደቀ። ጓሳው የሁሉም ተባለ፤ የሁሉም ሲሆን ከልካይ አጣ፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም ያለ ወቅቱ ተቆረጠ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ራሱ ከቦታው ተነሣ። ከዓመታት በኋላ ከዙሪያው ቀበሌዎች የተመረጡ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ሕጉን አደሱት። ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በመንግሥት የታወቀ ነው። ሞተ የተባለው ሥርዓት ሥልጣን ሲመለስለት ነፍስ ዘራ።

«እንግዲያው መንግሥት እጁን ያውጣላችሁ?»

ማን አለ? ከላይ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣን ባለሀብት ኮሚቴ ብቻውን አያቆመውም፤ የቀበሌው ማኅተምና የወረዳው ፍርድ ቤት ከጎኑ መቆም አለባቸው። የጥንቱም ሥርዓት ቢሆን እንከን ነበረው። የዘር ሐረጉ ከአስቦና ከገራ ያልተመዘዘው ጎረቤት ሣሩን ሲመኝ ይኖር ነበር፤ የሴቶቹም ድምፅ አይሰማም ነበር። ማገዶ ፍለጋ ጎሕ ሳይቀድ የምትወጣዋ እናት የትኛው ጥሻ እንደሳሳ ከማንም ቀድማ ታውቃለች። እሷን ኮሚቴው ውስጥ ማስገባት፣ ርስት የሌለውንም ማስቆጠር፣ እዚህ ላይ ነው መንግሥት የሚያስፈልገን። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል። ሕጉ አለ፤ ወረዳው ያስፈጽመው።

«ኮታ አለብን፤ ይህን ያህል ችግኝ መተከል አለበት።»

ስንቱ ጸደቀ? የተቆፈረ ጉድጓድ መቁጠር ቀላል ነው፤ ጥር ላይ ተመልሶ የደረቀውን መቁጠር ግን ወኔ ይጠይቃል። ወላይታ ውስጥ፣ ሁምቦ ላይ፣ ተመንጥሮ የተራቆተ 2700 ሄክታር ያህል ተራራ ተመልሷል። ሥራው በአብዛኛው ችግኝ ማጓጓዝ አልነበረም፤ መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ መርጦ መግረዝና ከከብት መጠበቅ ነበር። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፤ በተራራው የመጠቀም መብት በሰነድ በእጃቸው ገባ፤ ደኑ ያመቀው ካርቦን ለዓለም ባንክ ተሽጦ ገቢ አመጣላቸው። ሰነዱን የያዘ ሰው የጎረቤቱ ፍየል ስትገባ ዝም ብሎ አያይም።

«ለጥበቃ በጀት የለንም።»

ከሚጠበቀው ሣር ሽያጭ የሚገኘው ገቢ፣ ሕግ ከጣሰው የሚሰበሰበው ቅጣትም በጠባቂው ኮሚቴ ሣጥን ይቆይ። የወረዳው ሒሳብ መርማሪ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ያጣራ፤ ውጤቱም በገበያ ቀን ለሕዝብ ይነበብ። ይህን ለመፍቀድ በጀት አያስፈልግዎትም፤ ፊርማዎ ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል።