አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ አፕዴት አድርገኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፈቃዴን የሚጠይቀኝ ጠፍቷል። ልጆቼ ቤቱን ቀለም ሲያስቀቡ አልጠየቁኝም፤ የእድራችን ሊቀመንበርም ስብሰባ ሲጠራ አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ ኮምፒውተሬ ብቻ ነው፤ እሱም ከወሰነ በኋላ! «አፕዴቱ ተዘጋጅቷል፤ አሁን ይጀመር ወይስ በኋላ ላስታውስዎ?» ይላል። ከሁለቱ እምቢ ማለት የትኛው ነው? በእኛ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ የተላከበት አባት እንኳ «አልሰጥም» ብሎ የመመለስ መብት ነበረው።

ምን እንደሚጭንብኝ ብጠይቅ ደግሞ መልሱ «ለደኅንነትዎ» ነው፤ «ልዩ ልዩ ማስተካከያዎች» ነው። ምን ተበላሽቶ ነበር? ማን አበላሸው? አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ ነበር ያለችው አህያዋ።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ እርስዎ አዲስ ነገር ስለማይወዱ ነው» ይለኛል። ሐሰት! እኔ የማልወደው ያልታመነ ነገር ነው፤ ያለመታመን ማስረጃውም በእጄ አለ። ዊንዶውስ 10 በ2007 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ የመጨረሻው ዊንዶውስ ይኸው ነው ብሎ ነበር። ዓለም አመነ። በ2014 መስከረም ዊንዶውስ 11 መጣ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደግሞ ለ«መጨረሻው» ይደረግ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ተቋረጠ። አዲሱን ልጫን ብትል ደግሞ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ የሌለው ኮምፒውተር አይመጥነኝም ይላል፤ ምንም ያልጎደለው ማሽን በአንድ ጀምበር አሮጌ ተባለ። ጡረተኛ ይሄን ስሜት ያውቀዋል።

በ2008 ደግሞ ወደዚሁ ዊንዶውስ 10 ለማሻገር የሚወተውት ማስታወቂያ ነበር። ሰው ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጭኖ ይዘጋዋል፤ ዓለም ሁሉ ኤክስን «ተወው» ብሎ ነው የሚያውቀው። ማስታወቂያው ግን የያዘውን የመጫኛ ቀጠሮ አልሰረዘም፣ መዝጋትን እንደ እሺታ ቆጠረው። ኩባንያው ያሻሻለው ጩኸቱ ከበዛ በኋላ ነው።

መስከረም 2011 የወጣው ትልቅ አፕዴት ደግሞ የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ ደመሰሰ። ስርጭቱ በቀናት ውስጥ ቆመ። እኔን ያበገነኝ ግን መደምሰሱ አይደለም፤ ቀድመው እንዲሞክሩ ከተሰጣቸው ሰዎች ጥቂቶቹ «ፋይላችን ጠፋ» ብለው ተናግረው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ይሄ እንግዲህ በሠለጠነው ዓለም ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚል አንድ ሽማግሌ ከስብሰባው አይጠፋም ነበር። በ2013 የካቲት መጨረሻ የወጣው ደግሞ ሰዎች ወረቀት ለማተም ሲያዙ የኮምፒውተራቸውን ስክሪን ሰማያዊ አድርጎ የሚያስቆም ሆነ። ማተም! ኮምፒውተር ከተፈጠረለት ሥራ ዋናው ማተም አይደል?

ሐምሌ 12 ቀን 2016ማ አይነሳ። ክራውድስትራይክ የሚባል የጥበቃ ሶፍትዌር የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ታወከ። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ የራሱ የዊንዶውስ አፕዴት አልነበረም፤ ዘበኛ ተብሎ የተቀጠረው ነው ቤቱን ያፈረሰው። ፋይሉ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 እስከ 2 ሰዓት ከ27 መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የነበረ ሰው ተረፈ። ዕለቱ የሚካኤል ነበር፤ እኔ ደጀ ሰላም ነበርኩ። የእኔ ማሽን ያን ውድ ሶፍትዌር ባያውቀውም፣ ለልጅ ልጄ ግን ይህን ዝርዝር አልነገርኩትም።

እሱም ዝም አይልም፤ የሚያመጣው ግንቦት 4 ቀን 2009ን ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ «ገንዘብ ክፈሉ» ያለበት ቀን። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ መለሱ። ቀዳዳውን አስቀድሞ ያገኘው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነበር፤ ለራሱ ጉዳይ ይዞት ቆይቶ ምስጢሩ አፈትልኮ ወጣ። የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መድፈኛው አፕዴት መጋቢት 5 ቀን፣ ማለት ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፣ ወጥቶ ነበር! የጫነው ዳነ፤ «በኋላ አስታውሰኝ» ያለው አለቀሰ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ ሦስት ዓመት ላለፈው ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መድፈኛ አወጣ፤ ከጥቃቱ በኋላ መሆኑ ነው እንጂ።

ደግሞ ይሄን ስሙ። አፕዴት በወጣ ማግሥት ሌቦች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጠው ምን እንደተለወጠ ያያሉ፤ የተለወጠው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ነው። ስለዚህ አፕዴቱ ለእኔ መድኃኒት ሲሆን ለሌባው ካርታ ነው፤ ባልጫንኩ ቁጥር ካርታው ወደ እኔ ቤት ይመራል። የልጅ ልጄ ይሄን ሲነግረኝ መልስ አጣሁ፤ ቡናው ቀዘቀዘ ብዬ ተቆጣሁ።

ግን አፕዴቱን ለሚሠሩት ሰዎች የእኛን ኑሮ ማን ነገራቸው? የማይክሮሶፍቱ ወርኃዊ አፕዴት በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው የሚለቀቀው፤ በእኛ ሰዓት ማታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት፣ ዜና እያየን። አፕዴት በጥቅል ከገዛሁት ኔት ላይ ነው የሚወርደው። ሲጭን ደግሞ «ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ» ይላል። እኔ መች አጠፋሁ! ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዤ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ማንን ልቆጣ? ፎርማት የሚያደርጉት የሰፈር ልጆች ለዚህ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው፤ ክራክ የሆነውን ዊንዶውስ ጭነው አፕዴቱን ዘግተው ይሰጡሃል። ፀጥታው ደስ ይላል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው።

ሌላም የሚያስረታኝ ነገር አለ፣ ሳልወድ እናገራለሁ። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ ፎንቱ ካልተጫነ አይነበብም። በ1999 ዓ.ም. ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ፊደላችን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መጣ። አሮጌውን ሙጭጭ ብዬ ይዤ ቢሆን ኖሮ ዛሬም የእድሩን ማስታወቂያ ሰው ፊት ቆሜ አነብ ነበር።

ስለዚህ ብይኔ ይህ ነው። የደኅንነቱን አፕዴት በሳምንቱ ውስጥ እጭናለሁ፤ የመጫን ጣጣ ካለው ሌላው ይቅደመኝ፣ ከሳምንት በላይ ግን አላዘገይም። «አዲስ ገጽታ» የሚለውን ትልቁን ግን ጎረቤቶቼ ጭነው፣ አልቅሰው፣ ተጽናንተው ሲጨርሱ አየዋለሁ። በእድር ስብሰባ ዋዜማ ምንም አልጭንም፤ መብራት ሊሄድ በሚችልበት ሰዓትም እንዲሁ፤ ሰዓቱን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእድር፣ የእቁብ ወይም የማኅበር መዝገብ በኮምፒውተር የያዛችሁ እኩዮቼም፣ ከመጫናችሁ በፊት መዝገቡን በፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹን ግን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሌባ ሲመጣ ሁለቱንም ነው የሚወስደው።